ሁለተኛው የጨው ጆንያ

የቧንቧ ሠራተኛውን የገብረ መድኅንን ሬሳ ከጉድጓዱ ሲያወጡ አፍና አፍንጫው በጭቃ ተደፍኖ ነበር። የመቱ ከተማው የጣሊያን ሻምበል ብዙም አልመረመረም፤ ገመድ ዋርካው ላይ አሳስሮ፣ የሟቹን ረዳት ነዚፍን ገዳይ ነው ብሎ እጁን የፊጥኝ አስሮ ከሥሩ አቆመው።

የነዚፍ እናት ዘህራ ሰዉን ገፍታ ቀረበች። ከጠዋት ጀምሮ ልቧ ክፉ ክፉውን ሲነግራት ነበር የዋለው።

በደጉ ዘመን የፍርድ ቤት መርማሪ የነበሩት ኦቦ ያደታ ነገሩን ለማጣራት ጊዜ እንዲሰጣቸው በአስተርጓሚ ለመኑ።

«ፀሐይ እስክትጠልቅ» አለ ሻምበሉ።

ያደታ ወደ ነዚፍ ቀረቡ። «ሥራው እንዴት ነው፣ ልጄ?»

«ቧንቧው መዝጊያ የለውም፣ ኦቦ። ከተሰበረው በላይ በረዶና ጨው በጆንያ እንጠቀልልበታለን። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ይረጋና ራሱ ውታፍ ይሆናል። ጋሼ ገብረ መድኅን ከታች ሲቆርጥ፣ እኔ ከላይ በረዶና ጨው እጨምራለሁ።»

«መርጋቱን አይታችኋል?»

«ጠብ አላለም ነበር። ሁለተኛውን የጨው ጆንያ ከከፈትኩ በኋላ ነው የፈነዳው። ሳላቋርጥ ጨምሬያለሁ፤ ወላሂ!»

«በረዶውን ማን አመጣ?»

«እኔ» አለ ተሸካሚው ሰቦቃ፤ «እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነበር።»

«ጨውንስ?»

«እኔ ነኝ» አለ የመጋዘኑ ኃላፊ ወልደ ማርያም። «ሁለቱንም በእጄ ሞልቼ፣ በምላሴ ቀምሼ ነው ያስረከብኩት። ልጁ በጾም ደክሞ እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል።»

«ቀምሰው ነው ያስረከቡት?»

«እንዴታ!»

ያደታ ባዶዎቹ ጆንያዎች ዘንድ ሄደው ቁጢጥ አሉ፤ ቆዩም። ዘህራ ዓይናቸውን ተከተለች። አንደኛው ጆንያ ላይ ምንም የለም። ሁለተኛውን ግን ንብ አልብሶታል።

ያደታ ሰዎቹን ሁሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰቧቸው። ከሁለተኛው ጆንያ ጥቂት ጠራርገው ቀመሱ።

«ስኳር ነው። የመጀመሪያው ጨው ስለነበር የበረዶውን ቅዝቃዜ አብሶ ውሃውን አረጋው። በስኳር ግን በረዶው አቅም የለውም፤ ውታፉ ላልቶ ውሃው ሰውየው ላይ ተለቀቀ። ሰቦቃ በረዶ ያመላልሳል፣ ሟች ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጨው የሚነካው ነዚፍ ብቻ ነው፤ በረመዳን ቀን ደግሞ ጣቱን አይልስም። ገዳዩ ይህን ያውቅ ነበር።»

«ስህተት ነው፤ ጆንያ ተምታቶብኝ ነው!» አለ ወልደ ማርያም።

«ቀመስኩ ያልከው አንተ! ጨውና ስኳር የማይለይ ምላስ ነው ያለህ? የመጋዘኑን ኪኒን ሰርቀህ ስትሸጥ ገብረ መድኅን እንደያዘህ ሰቦቃ ሰምቶ ነግሮኛል።»

ሰቦቃ «አዎ» ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ወልደ ማርያም ለመሮጥ ዞረ፤ ወታደሮቹ ግን ከበውት ነበር። የነዚፍ እጅ ተፈታ። ገመዱ ግን ከዋርካው አልወረደም።

«ቧንቧው ዛሬ ይጠገን» አለ ሻምበሉ ወደ ነዚፍ እያመለከተ። «አንተ ግባ።»

አዲስ በረዶ መጣ፤ አዲስ የጨው ጆንያም። ዘህራ ጆንያው ፊት ተንበረከከች። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

«እማ፣ ጾም ነሽ እኮ!»

«ሌላ ቀን ጾሜ እተካዋለሁ። አንተን በምን እተካሃለሁ?»

ከላይ ቆንጥራ ቀመሰች፤ ጨው ነው። አላመነችም። እጇን እስከ ክርኗ ወደ ጆንያው ሥር ሰደደችና እንደገና ቀመሰች።