ነጠላውን ማን ዘቀዘቀው

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ።

ቦታው ቡራዩ፣ አስፋልቱ ዳር ያለችው የባህል ልብስ ሱቄ ናት። ወሩ ሐምሌ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

ላሊሴ እባላለሁ። ለፋሽን ሟች ነኝ። ሰው ስተዋወቅ ከፊቱ በፊት ጫማውን ነው የማየው። እጮኛዬ ኢብሳ «አንቺ እኮ ለቀብርሽም ምን ልልበስ ብለሽ ትጨነቂያለሽ» እያለ ያበሽቀኝ ነበር።

እሱ ሱሉልታ ነው የሚሠራው። መስከረም ላይ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተን፣ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጠላ ራሴ ንድፉን አውጥቼ አሠርቻለሁ። ሁለተኛ የለውም።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት መስኮቱ ጋ የማቆማት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ነጠላ ለብሳለች...

አረንጓዴ ጥለት ያለው። ለደንበኛዬ ለእትዬ የወይንሐረግ ከሸጥኩት ሳምንት ሆኖታል።

ደግሞ ተዘቅዝቋል። ጥለቱ አንገቷ ላይ ወጥቷል፣ ልክ እንደ ሐዘንተኛ።

«የምን ሟርት ነው» ብዬ አስተካከልኩት። ሴትዮዋ መልሰውት፣ አለባበስ የማያውቅ ሰው አልብሷት ይሆናል ብዬ ሳቅኩ።

ከምሳ ስመለስ ነጠላው የለም።

ወደ ቤቴ ስሄድ እትዬ የወይንሐረግ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ታክሲው ውስጥ ሆኜ አየሁት። ማን እንደሞተ መጠየቅ ፈራሁ። እሳቸው ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

ሐሙስ ለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከጓዳ ስወጣ...

አሻንጉሊቷ የእኔን ነጠላ ለብሳለች። ቤት፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት የመጣሁትን።

ዘቅዝቃ።

ያኔ ኮዱን የፈታሁት መሰለኝ። ጥለቱ ባለቤቱን ይናገራል፣ መዘቅዘቁ ሞትን። አረንጓዴው እትዬ የወይንሐረግ ነበሩ። ሰማያዊው እኔ ነኝ።

ለኢብሳ ደወልኩ።

«ልሞት ነው» አልኩት በሹክሹክታ።

«ምን ለብሰሽ?»

«ኢብሳ... አልቀለድኩም።»

ቀልዱን ተወው። ድምፄን ያውቀዋል።

«ሂን ሶዳቲን፣ ላሊሴ ኮ። አትፍሪ፣ የኔ ላሊሴ። ከሱቅ እንዳትወጪ፣ በሞተር መጣሁ።»

«ዝናብ ነው እኮ።»

«መጣሁ አልኩሽ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ብሞትም እቅፉ ውስጥ ልሙት አልኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ...

እትዬ የወይንሐረግ ገቡ።

አረንጓዴው ነጠላ ትከሻቸው ላይ ነው። ዘቅዝቀውታል።

«እትዬ... እርስዎ...»

«ጥቁር ቀሚስ ፈልጌ ነው ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ጌታቸውን ቀበርኩት። ባሌን።»



ነጠላ የሚዘቀዝቀው የሞተ አይደለም። በሕይወት የቀረ ነው። ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር እኔ፣ ልብስ አዋቂዋ፣ ቀለሙን ሳይ ሳትኩት።

ደወልኩ። የኢብሳ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ...

ቀና ስል ኢብሳ ከአስፋልቱ ማዶ ቆሟል። ይስቃል።

«መጣልኝ» ብዬ ወደ በሩ ስሮጥ እትዬ የወይንሐረግ ክንዴን ያዙኝ።

«አትሂጂ። ልብሱን እዪው።»

አየሁት። ዝናቡ አስፋልቱን ይደበድባል። የኢብሳ ሸሚዝ ግን ደረቅ ነው። አሁን የተተኮሰ ይመስላል።

«የኔውም ከሞተ በኋላ እንዲሁ ደጅ ቆሞ ነበር» አሉኝ።

ስልኬ ጠራ። የኢብሳ ቁጥር ነው።

«የዚህ ስልክ ባለቤት ምንሽ ነው እህቴ?» አለ የማላውቀው ሰው። ከኋላው ሰዎች ይጯጯሃሉ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወደ ማዶ አየሁ።

ማዶ ያለው ኢብሳ ኮሌታውን አስተካከለ። አዲስ ልብስ ሲገዛ እንደሚያደርገው ዞር ዞር ብሎ አሳየኝና መልሴን መጠበቅ ጀመረ።

«አምሮብሃል» አልኩት እያለቀስኩ።

«ማን?» አለ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ።

ኢብሳ የሰማኝ መሰለኝ። ፈገግ ብሎ፣ መኪና እንዳይገጨው ግራና ቀኙን አየና... ወደ እኔ መሻገር ጀመረ።