ከአፍ የተነጠቀ ቃል

ፕሮፌሰሩ የሞቱት በከዋክብት ምርምር ተቋሙ የኮምፒውተር ማሽኖች ክፍል ውስጥ፣ በሩ ከውጭ ተቆልፎባቸው ነው። አንድ ሰው ውጭ ሆኖ የእሳት ማጥፊያውን ጋዝ ለቆባቸዋል። ጋዙ እሳትና ሰው አይለይም፤ ሁለቱንም አየር ያሳጣል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ በማግስቱ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን ጨርሰውት ነበር። የክፍሉ ቁልፍ ሁለት ነው። አንደኛው የሟቹ ምክትል ጋ ነው፤ እሱ ግን ሩቅ ተራራ ላይ፣ የተቋሙ ቴሌስኮፕ ጋ ነበርኩ ብሏል። ሌላው የኔትወርክ መሐንዲሱ ኪስ ውስጥ ተገኘ። መሐንዲሱ የሟቹ ልጅ ባል ነው። ሚስቱ አባቷን ባጣች ማግስት ባሏን በካቴና ልታይ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም።

መርፌ መጀመሪያ ጸሐፊዋን አነጋገረች።

«ትናንት ከሰዓት ምክትላቸውን በኮምፒውተር ሲያነጋግሩ ሰምቻለሁ» አለች ጸሐፊዋ። «ጭቅጭቁ እሱ አገኘኋት ባላት አዲስ ኮከብ ነበር። ‹ምስሉን ቀባብተኸዋል፣ ነገ አሳውቃለሁ› አሉት። ኋላ ማሽኑ ግሏል ሲላቸው ሊያዩ ወጡ። አልተመለሱም።»

ከተራራው ሌሊቱን ነድቼ መጣሁ ያለው ምክትል አልካደም።

«ተጨቃጭቀናል። አባቴ ማለት ነበሩ። እኔ ቃሉን ከአፋቸው እነጥቃለሁ፣ እሳቸውም ከአፌ ይነጥቃሉ። እንደ ባልና ሚስት።»

«እውነቱን ነው» አለች ጸሐፊዋ፤ «ትናንትም አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀጥል ነበር።»

መርፌ አንገቷን ነቅንቃ ወደ መሐንዲሱ ዞረች።

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ጣሪያ ላይ፣ የሳተላይት ሳህኑ ጋ፣ ብቻዬን። ትናንት ጠዋት መንገድ ቆፋሪዎች ወደ ተራራው የሚሄደውን የፋይበር ገመድ በጠሱት። የተራራውን መስመር ወደ ሳተላይት አዞርኩት፤ ዛሬም በዚያው ላይ ነው። በገመዱ ቴሌስኮፑን እዚህ ተቀምጠን እንደ ጎረቤት እናዘዋለን። በሳተላይት ግን ድምፁ ሰማይ ደርሶ ነው የሚመለሰው።»

ሚስቱ ወለሉን ታያለች። መርፌ ረዳቷን ወደ ተራራው ላከችው።

አመሻሽ ላይ ሁሉንም በሟቹ ቢሮ ሰበሰበች። የረዳቷ ፊት ስክሪኑ ላይ ነበር።

«ተራራው ላይ ነው» አለችው ምክትሉን። «ይጨቃጨቁትና ቃሉን ከአፉ ይንጠቁት።»

ምክትሉ ሳቅ ሞከረው። ተናገረ፤ ፊትየው ዝም። መልስ የለም ብሎ ሁለተኛ ሲጀምር የመጀመሪያው መልስ መጣና ሁለቱ ድምፆች ተጋጩ። ደገመው፤ ያው ሆነ።

«አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» አለች መርፌ። እስካሁን እርስዎ ስትለው የቆየችው ሴት አሁን አንተ አለችው። «በዚህ መስመር ድምፅ ስለሚዘገይ ሰው የሚጣላው ተራ ጠብቆ ነው። ትናንት ግን ቃል ተናጥቃችኋል። ስለዚህ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነበርክ። የተራራውን ክፍል ምስል ከጀርባህ አድርገህ አነጋገርካቸው። የማሽኖቹን ክፍል ቀድመህ ከፍተሃል፤ ግሏል ብለህ ጠራሃቸው፣ ገቡ፣ ቆለፍክባቸውና ጋዙን ለቀቅክ። ያኔ የገመዱን መበጠስ አላወቅክም። ተራራው ላይ የነበረ ሰው ግን ከመጀመሪያው ‹ሃሎ› ያውቀው ነበር።»

ምክትሉ እጁን ለካቴናው ሲዘረጋ «ኮከቧ በስሜ ልትጠራ ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሰው ሁሉ ሲወጣ የሟቹ ልጅ ከባሏ ጋር ቀረች። ትናንት ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ስታይ ምን እንዳሰበች ሁለቱም ያውቃሉ። ቀና አለችና «ይቅር…» ብላ ጀመረች።

ባሏ ቃሏን ከአፏ ነጠቃት።

«ተይው» አላት።