«አውርድ» የሚለው ያጣ አባት

አቶ አካለ ወልድ ሚስታቸው ደብሪቱ ከሞተችባቸው ወዲህ ሌላ ሴት ወደ ቤታቸው አላስገቡም። ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ጤፍና ስንዴ እያረሱ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ምስጋናውንና ዜማን፣ እናትም አባትም ሆነው አሳደጉ። ሁለቱም ባንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሲገቡማ ሰውየው በደስታ የሚያደርጉትን አጡ! በገበያ መንገድ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ «ልጆቼ እኮ!» ማለት ሆነ ሥራቸው። ወይ አለማወቅ! ያ ደስታ ምን አስከትሎ እንደሚመጣ ማን በነገራቸው?

በመመረቂያው ዓመት፣ አዝመራው በደረሰበት ሰሞን፣ አቶ አካለ ወልድ በደረት ሕመም ተኙ። ስንዴው ማሳው ላይ ሊረግፍ ሆነ። ምስጋናው የመመረቂያ ጽሑፉን ሳይጀምር ወደ ቤት ሊሮጥ ሲነሣ ዜማ እጁን ያዘችው።

«ሂድ፣ አንተ የአባዬን ስንዴ እጨድ። እኔ ያንተን ጽሑፍ እጽፍልሃለሁ። ወንፈል አይደል እንዴ?»

ወንፈል! ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን እየተባባሉ አብሮ ማጨድ፣ ነፍስ ካወቁ ጀምሮ የሚያውቁት ወግ ነው። በእነሱ አገር የሌላውን ሥራ የሠራለት ሰው ይመረቃል እንጂ ተወቅሶ አያውቅም። እናም ነውሩ አልታያቸውም። ዜማ ግን የራሷም ሥራ ጊዜ ነሥቷት ነበርና የገዛ ጽሑፏን ወስዳ፣ ርዕሱን ለወጥ፣ ዐረፍተ ነገሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ በወንድሟ ስም አስገባችው።

ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ጽሑፎች አንድ መሆናቸው ታወቀና ወንድምና እህት ኮሚቴ ፊት ቆሙ። ዜማ ልትናገር አፏን ስትከፍት ምስጋናው ቀደማት።

«እሷ ምንም አታውቅም። ከኮምፒውተሯ ላይ ሰርቄ ነው።»

ዜማ ምን አለች? ምንም! የከፈተችውን አፏን መልሳ ዘጋች። በዚያ ዝምታዋ እሷ ተማሪ ሆና ቀረች፤ እሱ ለአንድ ዓመት ታገደ።

ወሬው አባት ዘንድ ሲደርስ በሽተኛው ሰው ከመኝታቸው ተነሥተው በር ላይ ቆሙ። ምስጋናው ያጨደው ስንዴ ገና ከአውድማው አልተነሣም ነበር።

«እኔ ሌባ አልወለድኩም! ከደጄ ጥፋ!»

ምስጋናው ስለ እህቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ለጥጥ ለቀማ ከሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቆላ ወረደ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መምህር ይታያል ዜማን ጠራት። ጽሑፎቹን ያረመው፣ ጉዳዩንም ለኮሚቴው ያቀረበው እሱ ነበር።

«ወንድምሽን አምጪልኝ» አላት። «ያጠፉ ተማሪዎች ከጥፋታቸው የሚማሩበት ክፍል ጀምሬያለሁ። ማባረር ምን ያስተምራል? ነገሩ እንዴት እንደሆነ እውነቱን ይንገረኝ እንጂ አብሬው ቁጭ ብዬ አጻጻፉን አሳየዋለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ይመለሳል።»

እውነቱን! ምረቃው ደርሷል። እውነቱ ከወጣ የእሷ ጋውን የት ይገባል? «እሺ፣ እደውልለታለሁ» አለች፤ አልደወለችም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከምረቃው በኋላ... እያለች የወንድሟን መመለሻ መንገድ በዝምታዋ ዘጋችው።

አባትየው ግን ልጃቸውን ካባረሩ በኋላ እንቅልፍ አጡ። ቁጣቸው በናፍቆት ተሸነፈ። አንድ ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ሳል እያፈናቸው፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ደረሱ። በአንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ነበር! በአገራቸው ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ተበዳዩም «ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ» እስኪለው ድረስ አያወርደውም። ተማሪዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ጀመር። መምህር ይታያል ሲሮጥ መጣ፤ ዜማም ግርግሩን ሰምታ ደረሰች።

«የኔታ፣ ልጄ በድሎዎታል» አሉ አቶ አካለ ወልድ ተንበርክከው። «ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሩልኝ።»

«ኧረ ይነሡ አባቴ! የተበደልኩት እኔ አይደለሁም። ደግሞስ ተመልሶ ይማር ብዬ ልኬበት የለም እንዴ? ዜማ አልነገረችዎትም?»

ዜማ የቆመችበት መሬት ከዳት። አባቷ እግር ላይ ተደፋች።

«አባዬ፣ አጥፊዋ እኔ ነኝ! ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ የእርስዎን ስንዴ እያጨደ ነበር... ለእኔ ብሎ ነው ሰረቅሁ ያለው...»

አባትየው «ደውይለት» አሏት። ደወለች። ያነሣው ሌላ ሰው ነበር።

«የምስጋናው ቤተሰቦች ናችሁ? ስልኩ ተቆልፎብን ማንን እንጥራ እያልን ነበር እኮ... ወባ ነው። ሐኪም ቤት ሳናደርሰው... ትናንት ቀበርነው። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

ዜማ ፊቷን ነጨች። አቶ አካለ ወልድ ግን አላለቀሱም። ከነድንጋዩ በጉልበታቸው ዞረው፣ ፊታቸውን ልጃቸው ወደ ወረደበት ወደ ቆላው መለሱ።

«ምስጋናው፣ ልጄ፣ ባላጠፋኸው ከደጄ አባረርኩህ። ማረኝ።»

አሉና ጠበቁ። ድንጋዩ አንገታቸውን ሲጫን ደም ሥራቸው ተገታተረ። «አባዬ፣ ለእኔ ይስጡኝ፣ የእኔ ነው!» ብላ ዜማ እጇን ብትዘረጋም አልሰጧትም። አንደኛው ሽማግሌ እንባቸውን እየጠረጉ «አካለ ወልድ፣ ልጁ ሞቷል እኮ፣ ይብቃህ አውርድ!» አሏቸው።

«እናንተን አልበደልኩም» አሉ።

ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ ነው ድንጋዩ ከአንገታቸው የወረደው። የልጃቸው አርባ ሳይወጣም ተከተሉት። ዜማ ለአንድ ዓመት ታግዳ፣ ወንድሟ በተጠራበት ክፍል እሷ ገባች። ዛሬ አዲስ ተማሪዎች ፊት እየቆመች ጥፋቷን ከነዝምታዋ ትናገራለች፤ ብዙዎች ሰምተዋት ከስሕተት ተመልሰዋል። ግን ምን ያደርግላታል? ይቅር ሊሏት የሚችሉትን ሁለቱን ወስዶ፣ ይቅርታ የሚያስፈልጋትን እሷን ብቻዋን ማስቀረት... ይህ ምን ዓይነት ዕጣ ነው?