ወተት የሚያፈሰው እንጉዳይ

በጥላና በመንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም፣ አዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ጨውና ሳሙና እየሸጥኩ የኖርኩ ነጋዴ ነኝ፣ ሚዛን ላይ ያልወጣ ነገር አልገዛም፣ በዚያ ላይ ዘመኑ የደርግ ነው፣ በቀበሌ ስብሰባ «አጉል እምነት ይውደም!» ሲባል ግራ እጄን ከማንም አስቀድሜ አነሳ ነበር፣ ከልቤም ነበር፣ እመኑኝ።

ባለቤቴ አስቴር የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና እህል አልወርድላት አለ፣ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀረ፣ ያማራት አንድ ነገር ነው፣ በልጅነቷ ጫካ ውስጥ ለቅማ የበላችው፣ ሲሰበር ወተት የሚያፈስ እንጉዳይ። የነፍሰ ጡር አምሮት አይታለፍም፣ የማላውቀውን እንጉዳይ ባበላት ደግሞ ሁለቱንም መቅበሬ ነው። ስለዚህ እንጨት የሚሸጡልንን እማማ ዱካሌን ለመንኩ፣ አንድ ጠዋት ካፊያው ሲያባራ ከታቦር ተራራ ጀርባ ይዘውኝ ሄዱ።

ከዛፍ ሥር የሸክላ መልክ ያለው እንጉዳይ አሳዩኝ።

«ስበረው።»

ሰበርኩት፣ ነጭ ወተት ተንዠቀዠቀ።

«ምን ይሸታል?»

«ዓሣ ዓሣ ይላል እማማ፣ ከሐይቁ ነው እንዴ የወጣው?»

«አትቀልድ። ወተቱ ጣትህ ላይ ቡናማ ከሆነ እሱ ነው። የሰበርከውን ግን እዚያው ተወው፣ ባለቤት አለው።»

«ነጋዴ ናሙና አይጥልም» ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ወዲያው ከኋላዬ ሕፃን ጡት ሲጠባ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ፣ ማንም የለም፣ ጥጃ ይሆናል ብዬ ዛፉን ዞርኩት፣ ኮቴ እንኳ የለም። ሌላ ሰበርኩ፣ ጣቴ ቡናማ እስኪሆን ስጠብቅ ድምፁ አሁንም መጣ፣ ዝቅ ብዬ እንጉዳዩን ሳይ ወተቱ ተልሶ ደርቋል።

«ምንድን ነው እማማ?»

«እኔ እንጨት ነው የምሸጠው» አሉና ቁልቁለቱን ተያያዙት።

የቀሩትን እንጉዳዮች ለቅሜ ቤት ገባሁ፣ ጠብሼ መጀመሪያ እኔ በላሁ፣ እስከ ማግስቱ ጠበቅኩ፣ አልሞትኩም። ከዚያ አስቴር በላች፣ ሳህኑን ጠረገችው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል ወረደላት፣ ወንድ ልጅም በሰላም ተገላገለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ አላወራላችሁም ነበር። ልጁ የሚጠባው የግራ ጡቷን ብቻ ሆነ፣ ቀኙን ስትሰጠው ሁልጊዜ ባዶ ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ ነርሷ ጫን ጫን አድርጋ አየችና «ታዲያ ይሄ አሁን የተጠባ አይደል እንዴ?» አለች። ልጁ እኮ ከጠዋት ጀምሮ እኔ ትከሻ ላይ ተኝቷል።

እኔ ልጁን ጠበቅ አድርጌ አቀፍኩት፣ አስቴር ግን ቀሚሷን እየቆለፈች «ይጥገብ፣ ምን አለበት» አለች።

ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ለማወቅ ሳልጓጓ ቀርቼ አይደለም፣ ትነግረኛለች ብዬ ፈርቼ ነው።