እስከ ፋሲካ ባለ በር ቤት

ቀጄላን ያወቅሁት በአንድ ሲጋራ ሲከስር ነው።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። በኮልፌ አልፎ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሚዮኖች ይቆማሉ፤ እኔ ቆሎ እሸጣለሁ። አንድ ቀጭን ልጅ አቡጀዲ ላይ የተሳለ ቅዱስ ጊዮርጊስ አጥር ላይ ሰቅሎ ቆሟል። አንዱ ወታደር መጣ፣ ስዕሉን አየ፣ ሳቀ፣ ጠቀለለ፣ ሲጋራ ሰጠውና ካሚዮኑ ላይ ወጣ።

«አንተ!» አልኩት። «ታጨሳለህ?»

«አላጨስም።»

«ታዲያ ጊዮርጊስን ከነፈረሱ ለምን በሲጋራ ሸጥከው?»

«ደስ ብሎት ሳቀ። ዋጋ መጥራት አፈርኩ።»

«እሱ እየሳቀ በካሚዮን ሄደ። አንተ እያፈርክ በእግርህ ልትሄድ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ ምላሴን የማወጣ ልጅ ነኝ። ያን ቀን ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ቆሎ ዘግኜ ሰጠሁት፤ በነጻ። እንግዲህ እኔም ከሰርኩ።

ቀጄላ ቀራንዮ ሰፈር ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ እጅ ሥር አድጎ፣ መምህሩ ሲሞቱ ብሩሾቻቸውን ወርሶ የቀረ ነው። «ለነፍሴ» ያለችውን መበለት በነጻ፣ «ለጉርብትና» ያለውን ጎረቤት በነጻ ይስልላቸዋል። ቤቱ ከሰው በረት የተከለለ ጥግ ነው፤ ላም ስታገሳ ብሩሹ ይዘላል። ወንድሙ ገሜዳ አምና የካቲት ከተማው ሲታረድ አምልጦ ጫካ ገብቷል፤ ከአርበኞች ጋር ነው ይባላል።

የእኔም እናት በዚያው የካቲት ቤት ውስጥ ተቃጥላ ነው የሞተችው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ከአባቴ ይልቅ መዶሻው ይናገራል።

እኔ ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ። ጣሊያን ትምህርት ቤቱን ባይዘጋው አራተኛውን እጨምር ነበር። ለቀጄላ ግን ሦስቱም በቂ ነበሩ።

«የምትፈልገውን ንገረኝ» አልኩት፣ አንድ ከሰዓት በረቱ ደጃፍ ተቀምጠን።

«ደህና መኖር።»

«ደህና መኖር ዓላማ አይደለም፤ የለማኝ ምርቃት ነው። ምን? መቼ?»

አንገቱን ደፋ። «በር ያለው ቤት። ብርሃን የሚገባበት፣ የምስልበት። ከዚያም…»

«ከዚያም?»

«ሽማግሌ የምልክበት።»

«ወደ ማን?»

ዝም አለ። ላሟም ዝም አለች። እኔ፣ ሸዋገነት፣ መቼም ዝም የማልለው፣ የምለው ጠፋኝ።

«መቼ አልኩህ እኮ» አልኩ በመጨረሻ።

«እስከ ፋሲካ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ብሩሽ ሳያነሳ ጮክ ብሎ እንዲናገረው አደረግሁ፤ እስከ ፋሲካ ባለ በር ቤት። መጀመሪያ ላሟ ትሰማኛለች ብሎ ያፍር ነበር። ዋጋ መጥራትም አስተማርኩት። «'እንደ ወደዱ' አትበል። ዋጋህን ተናገርና አፍህን ዝጋ። ቀድሞ የተርበደበደ ይከስራል። ሥራ ሲያዙህም ግማሹን ቅድሚያ ተቀበል።» የመጀመሪያ ቀን ዋጋውን ጠርቶ አፉን ብቻ ሳይሆን ዓይኑንም ጨፈነ። ገዢው ወታደር ሳቀና ከፈለ። ቀጄላ ዓይኑን ሲገልጥ እጁ ላይ ሊሬ አለ፤ እኔን ያየኝ ግን እንደ ታቦት ነው። «ምን ታየኛለህ፣ ጊዮርጊስ ሳል!» አልኩት። ፊቴን ወደ መንገዱ ያዞርኩት ፈገግታዬን እንዳያይ ነው።

አባቴ አቶ መሸሻ አናጢ ነው። የመኳንንቱን አልጋና በር ሠርቶ፣ በገንዘብ ፈንታ «እግዜር ይስጥልን» እየተቀበለ ያረጀ ሰው ነው።

«በእጁ ጥበብ የሚኖር ሰው ሚስት፣ በሰው እጅ ትኖራለች» አለኝ፣ የቀጄላን ስም ባነሳሁ ጊዜ። «እናትሽን አይቻለሁ። አንቺን ለሰብስቤ ብያለሁ።»

ሰብስቤ ለጣሊያን ሰፈር ሥጋ የሚያቀርብ ነው። ጥርሱ ወርቅ፣ ጠረኑ ጮማ።

«አባባ፣ ቀጄላ እስከ ፋሲካ ባለ በር ቤት ቢኖረውስ?»

መላጊያውን አቆመ። «አየዋለሁ። ከሌለው ግን በዳግማይ ትንሣኤ ትዳሪያለሽ። ያን ጊዜ ምላስሽን ለሰብስቤ ታወጪለታለሽ።»

ጾሙ እንደተጋመሰ አንድ የጣሊያን ሹም ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። አስተርጓሚው የእኛው ሰው ነው፤ ጫማው ግን የነሱ። ሹሙ ጫካ ገብቶ ሽፍቶችን የደመሰሰበትን ውጊያ በትልቅ አቡጀዲ ይፈልጋል። ቀጄላ ዋጋውን ተናገረና አፉን ዘጋ። ዓይኑ ግን ተገልጦ ነበር። ኮራሁበት። ግማሹን እዚያው ቆጠሩለት።

በሳምንቱ ከአዲሱ ገበያ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየ። በር አለው! አባቴን ጎትቼ አመጣሁት። ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ።

«ማጠፊያው ተጣሟል» አለ። ብቻውን ትንሽ ሄደና ዞር አለ። «ሽማግሌዎቹ ከትንሣኤ ማግስት ይምጡ።»

ቀጄላ ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። እኔ በአደባባይ መዝለል ለሴት ልጅ ነውር ስለሆነ ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ዘለልኩ።

ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። አስተርጓሚው ሲሄድ እግረ መንገዱን እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ወጉን ታውቃለህ። ጌታችንንና ወታደሮቹን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ሽፍቶቹን በጎን፣ ባንድ ዓይን።»

ወጉን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በእኛ ስዕል ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ይሰጣል፤ ሰይጣን፣ ይሁዳና ከሃዲ በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ማን ክፉ እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም።

በሆሳዕና ማግስት ስገባ ስዕሉ ሊያልቅ ደርሷል። ጣሊያኖቹ በሁለት ሁለት ዓይናቸው ያፈጣሉ። አርበኞቹ ግን ጠይም ሞላላ ፊት ብቻ ናቸው፤ አፍንጫ የለ፣ ዓይን የለ። ቀጄላ ብሩሹ ደርቆበት ቆሟል።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«እጄ እምቢ አለኝ።»

«ጨርቅ እኮ ነው፣ ቀጄላ! ወስዶ አገሩ ይሰቅለዋል፤ ማን ያየዋል? ሳምንት ቀረን። አንድ አንድ ዓይን ጣልባቸውና እንገላገል።»

አልተቆጣም። ብሩሹን ቀለም ነክሮ እጄ ላይ አደረገው። «በዚህ ጀምሪ። ገሜዳ ነው።»

የቆመበት አቋም፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ትከሻው፣ አዎ፣ ገሜዳ ነው። ከኋላው ሴት ስንቅ ተሸክማ ትሮጣለች። ቀጄላ እናቴን አያውቃትም፤ ሴት ብሎ ነው የሳላት። ግን ፊቷ ባዶ ነበርና፣ እኔ እናቴን አየሁባት።

አንድ ዓይን ብቻ መሳል ምን ያህል ቀላል ነው። አንድ ነጥብ። ሰብስቤ ቀረ፣ ቤቱ የኛ፣ በሩ የኛ።

ብሩሹን አስጠጋሁና ለሴትዮዋ ሁለት ዓይን ሠራሁላት። አንዱ ከአንዱ ተበላልጦ፣ ሸውራራ ሆነች።

ቀጄላ ሳቀ። ሲስቅ እንባው መጣ። «አበላሸሻት» አለ። ብሩሹን ተቀበለኝና እስኪመሽ ድረስ ለአርበኞቹ ሁሉ ሁለት ሁለት ዓይን ሰጣቸው።

«ጣሊያኖቹንስ?»

«እነሱም ሰዎች ናቸው። ይቆይላቸው።»

ከዚያ በኋላ መቆየት እንደማይችል ሁለታችንም አወቅን። ቅድሚያው በቤት ኪራይና በቀለም አልቋል፤ ደግሞም ነገሩ የገንዘብ አይደለም። በማግስቱ ጠዋት፣ ከሰል አምጪዋ ዘይነባ ባዶ ጆንያዋን ጭና ወደ መናገሻ ጫካ ስትመለስ አህያዋን እየነዳ አብሯት ወጣ።

«ልምጣ» አልኩት።

«አባትሽስ?»

እጄን ያዘ። ጣቶቹ ላይ ቀዩ ቀለም አልለቀቀም ነበር። ምንም አላለኝም፤ እኔም ምንም አላልኩት። እስከ ዛሬ በሕይወቴ ረጅሙ ዝምታዬ ያ ነው።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ማጠፊያውን ሊያቃና መሣሪያውን ይዞ መጣ። ቀጄላ መሄዱን ልነግረው አፌን ስከፍት አስተርጓሚው ከሁለት ወታደሮች ጋር ገባ። ስዕሉን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሰዓሊው የት ነው?»

«አላውቅም» አልኩ።

ወደ አባቴ ዞረ። «አንተ ሽማግሌ፣ ይህ ልጅ ምንህ ነው?»

«ምኔም አይደለም» ቢል ያበቃል። መዶሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አባቴ ግን ስዕሉን እያየ ነበር። ሹሙን አልፎ፣ ገሜዳን አልፎ፣ ያቺ ሸውራራ ሴት ላይ ቆመ።

«አማቼ ነው» አለ።

በሰደፍ መቱት። ወደቀ፤ ተነሳ። አስተርጓሚው በለሆሳስ «አንተ ሰው፣ አስብበት» አለው።

«የልጄ ባል ነው አልኩህ። ሰምተሃል።»

አቡጀዲውን በሳንጃ ተረተሩት፤ አባቴን እጁን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ድግስ ሳይደገስ፣ እኔ በጸሎተ ሐሙስ ተዳርኩ። ሰብስቤ ከዚያ ወዲህ በደጃችን አላለፈም። እስረኛ ዘመድ ያላትን ለጣሊያን ሥጋ የሚያቀርብ ሰው ምን ያደርጋታል?

አሁን ክረምት ነው። ዘይነባ ከሰል ይዛ ስትመጣ ወሬ ይዛ ትመጣለች። ቀጄላ በሕይወት አለ። ቀኝ እጁን ግን ጥይት ሰብሮት፣ በኋላም መርቅዞ፣ ከአንጓው ቆርጠውለታል።

ሦስት ቀን አለቀስኩ። በአራተኛው ዘይነባን «በይው» አልኳት፤ «እስከ መስቀል በግራ እጁ ቀጥ ያለ መስመር። ሌላ አልጠይቀውም።» ዘይነባ ራሷን ነቀነቀች። «አንቺ ልጅ፣ ጨካኝ ነሽ» አለችኝ። ግን ነገረችው። መሬት ላይ በእንጨት እየሞከረ ነው አሉ፤ ይጣመምበታል፤ ያጠፋዋል፤ ይደግመዋል።

እሑድ ለአባቴ እስከ እስር ቤቱ የሽቦ አጥር ድረስ ስንቅ ወሰድኩለት። ወታደሩ እንጀራውን በሳንጃ ወግቶ ወግቶ አሳለፈው። አባቴ ከስቷል፤ ሁለት ጥርሱ የለም።

«ባልሽስ?» አለኝ፣ ገና ሰላም ሳይለኝ።

የእጁን ነገር ነገርኩት። አናጢ ነውና ምን እንደነገርኩት ገብቶታል። የራሱን ቀኝ እጅ አገላብጦ አየው።

«በግራው እየለመደ ነው፣ አባባ።»

እንጀራውን ለሁለት ከፈለ። ትልቁን ግማሽ ጠቅልሎ በሽቦው ቀዳዳ መለሰልኝ።

«ላኪለት» አለ። «በባዶ ሆድ እጅ አይለምድም።»