ሁለት ነጭ ጭረት

«ያዢ ብዬሻለሁ!» አለ ጋትሉዋክ፣ ነዳጁን እየረገጠ። ከጋራዥ ገና የወጣችው አሮጌ መኪናው በጁባ መንገድ ላይ ተፈተለከች። ከኮፈኑ ስር የቱርቦው ፉጨት ተሰማ፤ ልትሞክራት አብራው የወጣችው መቅደላዊት ጀርባዋ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ።

«ነፍስ ናት እኮ! ጋሽ ሐጎስ ምን አድርገዋት ነው? አንድ ቀን በሞያሌ በኩል አዲስ አበባ እገባባታለሁ፣ ወላሂ!»

መቅደላዊት እጇን ሰደደችና ሙዚቃውን ዘጋችው። ከፉጨቱ ስር ሌላ ድምፅ ነበር፤ ደረቅ ባቄላ ጣሳ ውስጥ ሲንገጫገጭ ዓይነት። ጋትሉዋክ እግሩን ሲያነሳ ይጠፋል፣ ሲረግጥ ይመለሳል።

ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ቢሆንም ያደገችው አባቷ ጋራዥ ውስጥ ነውና ድምፁን አሳምራ ታውቀዋለች። ሞተሩ እያንኳኳ ነው። ብልጭታው ከጊዜው ስለሚቀድም፣ ፒስተኑ ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ ነዳጁ ይፈነዳና አናቱን ይደበድበዋል። ቱርቦ ደግሞ አየር እየጠቀጠቀ ስለሚያስገባ ድብደባውን ያባብሰዋል። ከተማ ውስጥ ሲሆን ምንም አይደል። ረጅም መንገድ ላይ ግን ፒስተን ይበሳል።

ነገ ጠዋት ጋትሉዋክ በዚችው መኪና ኒሙሌ ሊሄድ ነው። ለዓመታት ያላያቸውን እናቱን ከድንበር ተቀብሎ ጁባ ሊያስገባ። ሞተሩ መሀል መንገድ ላይ ቢሞትበት፣ በዚያ ፀሐይ አሮጊቷን ይዞ የት ይደርሳል?

«ምንድነው እሱ ድምፅ?» አለ፤ እሱም ሰምቶታል።

«የሆነች ቆርቆሮ ላልታ ይሆናል» ልትል ምንም አልቀራትም። ምክንያቱም ዛሬ ጠዋት ታይሚንጉን፣ የብልጭታውን ሰዓት፣ ያስተካከለው አባቷ ነው። ሐጎስ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ ተሳስተሃል የሚባል ሰው አይደለም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲያዳምጥ ኖሮ ነው ጁባ የመጣው። መሣሪያ አይፈልግም፤ ጆሮው ይበቃዋል። ሲጨርስ ብልጭታ በሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ላይ በነጭ ቀለም አንድ ጭረት ያሰምራል። ከዚያ በኋላ ማንም ንክች አያደርጋትም። ካስተም ገበያ አካባቢ ያሉ ሾፌሮች እሱ የነካው መኪና አይመለስም ይላሉ። እሱም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

«ወደ ጋራዥ መልሰን» አለች መቅደላዊት።

ሐጎስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለ። «ምን ረሳችሁ?»

«ያንኳኳል፣ አባዬ።»

ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩን አስጓራው። ንጹሕ ነው። «የታለ?»

«ቆሞ አይሰማም። ሲሸከም ነው።»

«ጠዋት እኮ ነድቻታለሁ!»

«ጠዋት ቀዝቃዛ ነበር። አሁን ንዳት።»

ሐጎስ እያጉረመረመ መሪውን ያዘ። ወደ ጀበል ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ረገጠው። ባቄላው ጣሳው ውስጥ ተንገጫገጨ። መቅደላዊት ከኋላ ሆና የአባቷን ማጅራት ታያለች። ሰምቷል። መኪናዋን አዙሮ ጋራዡ በር ላይ አቆማትና ቁልፉን ጣሪያዋ ላይ አስቀመጠ።

«ቤንዚኑ ነው» አለ። «ከመንገድ ዳር ነው የቀዳኸው?»

ጋትሉዋክ አንገቱን ደፋ። «ምን ላድርግ ጋሽ ሐጎስ፣ የማደያው ሰልፍ አይቻልም። ኻላስ፣ በቃ፣ ነገ ጥሩውን እፈልጋለሁ።» ቁልፉን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

መቅደላዊት ቀደመችው።

ተናዳለች። ቤንዚኑ መጥፎ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ጥፋቱን በሙሉ ጋትሉዋክን አሸክሞ መሸኘት ደስ አይልም። አባቷን ትወደዋለች፤ እሱን ሰው ፊት ማሳፈርም ጨነቃት። ቁልፉን ግን ጨበጠችው።

«አባዬ፣ ክረምት ላይ ከአዲስ አበባ ስንመጣ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይዤ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? ክዳኑን እዚያ ገጥሜው፣ እዚህ ስንወርድ ተጨማዶ አገኘሁት።»

«እና?»

«የጁባ አየር ነው የጨመደደው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። እዚያ ብልጭታውን ብታስቀድመውም ሞተሩ ይችለዋል። እዚህ አየሩ ይከብዳል፤ ይሞቃልም። ቱርቦ ሲጨመርበት ደግሞ አስበው። አንተ ይቺን መኪና ለሶማሌ ተራ ነው ያስተካከልካት። እዚህ የምትሠራው አብዛኛው ብልጭታ የሌለው የናፍጣ ሞተር ስለሆነ ነው እስከዛሬ ያልታየህ።»

ሐጎስ ፊቱ ጠቆረ። «ቁልፉን ስጪው።»

«አልሰጥም።»

እንዲህ ማለቷ ራሷንም ገረማት። ጋትሉዋክ አንዴ እሷን፣ አንዴ አባቷን ያያል። ሐጎስ ጨርቁን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየና ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ።

«አሥራ ሁለት መፍቻ አምጪ» አለ።

ብሎኑን እሱ አላላ፣ ዲስትሪቢዩተሩን እሷ በጥቂቱ ወደ ኋላ መለሰችው። ነድተው ሞከሩት። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ተመልሰው ደገሙት። ከዚያ መስኮቶቹን ዘግተው ዳገቱን ሲወጡ ከቱርቦው ፉጨት በቀር ምንም አልተሰማም። መቅደላዊት ከኋላ ወንበር ላይ ፈገግ አለች።

«ትንሽ ሰነፈች» አለ ጋትሉዋክ ቅር ብሎት።

«ሰንፋ ትድረስ። እናትህን ጭነህ ልትሽቀዳደም ነው?» አለ ሐጎስ። ከዚያ፣ «ቤንዚንህ ጥሩ አይደለም። የሚያንኳኳው ግን በኔ ጥፋት ነው» አለ። ጮክ ብሎ አልተናገረውም፤ ግን ተናገረው።

ጋራዥ ሲመለሱ ሐጎስ የነጭ ቀለሙን ብሩሽ አነሳና ለመቅደላዊት ሰጣት። ይህን ብሩሽ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም።

«ያንቺን አስምሪ። የኔን በቤንዚን ጥረጊው።»

አዲሱን ጭረት ቀስ ብላ አሰመረች። ከዚያ ጨርቁን ቤንዚን አስነክታ የአባቷ ጭረት ላይ አደረሰችውና ቆም አለች።

«ጋትሉዋክ፣ አዲስ አበባ እገባባታለሁ ያልከው የምርህን ነው?»

«ወላሂ!»

«እንግዲያው እዚያ ስትደርስ ወደዚህኛው፣ ወደ አባዬ ጭረት አስመልሰው። ለዚያ አየር ልኩ እሱ ነው።» ጨርቁን ሳታስነካ መለሰችና አባቷ እያያት ኮፈኑን ዘጋችው።