የሎሚ ሽታ ያለው ከበሮ

የዘርማት ወንዞች ሁሉ በአንድ ማለዳ ደረቁ። ቀርሙድ የተባለው እሳት ተፊ ዘንዶ የምንጮችን እናት፣ ሰማያዊቱን ዕንቁ፣ ሰርቆ ውጧት ነበርና። ታመው አልጋ የያዙት ንጉሥ ደጋሞር ልጆቻቸውን አስጠሩ። ታናሺቱን ኤልማናን የነገሥታቱን ከበሮ አሸከሟት፤ ዘንዶው የሚሞተው በዚያ ድምፅ ብቻ ነው። በኩራቸውን ሳርዶንን ግን የፍም ማሰሮ አስያዙት።

«አባቴ ሆይ፣ እኔ የወጥ ቤት አሽከር ነኝን?»

ንጉሡ መስኮቱን በሥጋት ተመለከቱ። «ልጄ፣ ከበሮ ሳይሞቅ አይመታም። ፍምህን ጠብቅ» አሉት።

ቅናት ክፉ ነው፤ ጥጋብም እንቅልፍም አይሰጥ። ሳርዶን መንገዱን ሁሉ ያየው ገደሉንም ተራራውንም አልነበረም፤ በእህቱ ጀርባ የሚወዛወዘውን ከበሮ ነበር። የተጠማው ሕዝብ በየመንደሩ ለእሷ እጅ ሲነሣ በቅናት ያርር ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ቆዳው ሎሚ ሎሚ ይሸታል» አለችው አንድ ቀን።

«ላንቺማ ሽቶም ይቀቡልሻል!»

ከዘንዶው ዋሻ ደጃፍ ሲደርሱ፣ እህቱ ሳታይ ፍሙን አሸዋ ላይ ደፋው። እንድትሞት አልፈለገም፤ እንድታፍር ብቻ ነበር። ኤልማና እሳቱ መጥፋቱን ብታይም ዘንዶው እየመጣ ነበርና መታች። ከበሮው እንደ እርጥብ ጆንያ ዱፍ አለ። ቀርሙድ በጅራቱ ጠቅልሎ አነሣት፤ ከበሮው ከእጇ ወደቀ።

«ወንድም ጋሼ፣ ድረስልኝ!»

የቀረው እሳት ዘንዶው አፍ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። «ብተውሽ የአያቶቼ አጥንት ይፋረደኝ!» ብሎ ሳርዶን ከበሮውን አነሣና በዘንዶው ትንፋሽ ፊት ዘረጋው። እጆቹ ነደዱ፤ አልለቀቀም። ቆዳው እየሞቀ ሲወጠር፣ በሎሚ ጭማቂ የተጻፈ የአባቱ ቃል ቡናማ ሆኖ ብቅ አለ፦

«ኤልማና ተሸካሚ ናት፤ መቺው አንተ ሳርዶን ነህ። ግድግዳ ጆሮ አለው፤ ቀርሙድ ታናሺቱን ይንቃል፤ መቺው አንተ መሆንህን ቢያውቅ ግን መንገድ ላይ ይገድልህ ነበርና ስምህን ሸሸግሁ። ልጄ ሆይ፣ ዙፋኔም ያንተ ነው።»

ሳርዶን እንደ ሕፃን አለቀሰ። እያለቀሰም በተላጡት መዳፎቹ መታ። ተራራው ተናወጠ፤ ዘንዶው ኤልማናን ለቆ ወደቀ፤ ዕንቁዋ ከጉሮሮው ስትንከባለል ውኃው ዋሻውን ሞልቶ ወደ ዘርማት ወረደ።

እነዚያ እጆች ከዚያ ወዲህ ማንኪያ እንኳ አልያዙም። በየዓመቱ በውኃው በዓል ኤልማና ከበሮውን በእሳት ታሞቅና በንጉሥ ሳርዶን ዙፋን ፊት ትቆማለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ልምታልህ?»

«ምቺ» ይላታል፤ ዛሬም ይቀናባታል።